ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ የጭነት መኪኖቻችሁን ከስርቆት ስለመጠበቅ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ ከዚህ ቀደም የገጠምንላችሁን የስርቆት መከላከያ ስለማስተካከልና ወደፊት ስለምንከተለው አሠራር

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ሁለት ነገሮችን ለማሳወቅ ነው። አንደኛው በእኛ በኩል የተፈጠረ ስሕተት ሲሆን፣ እርሱን ያለ ክፍያ እናስተካክላለን። ሁለተኛው ደግሞ ከአሁን በኋላ በጭነት መኪኖች ላይ የምንገጥመውና የማንገጥመው ዕቃ የትኛው እንደሆነ ከነምክንያቱ ለማስረዳት ነው።

በቅርቡ የአንድ ደንበኛችን ባለተሳቢ መኪና ሌሊት ከቆመበት ተሰርቋል። መኪናው የጂፒኤስ መከታተያም፣ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ ድብቅ ማብሪያም ነበረው፤ ሁለቱንም የገጠምነው እኛ ነን። መከታተያው የመጨረሻውን መልእክት የላከው መኪናው ቆሞ ካደረበት ስፍራ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል። መኪናው ከቀናት በኋላ ጭነቱ ተራግፎ ሲገኝ ማብሪያው አልተሰበረም፣ አንድም ሽቦ አልተቆረጠም፤ ያስነሳው ሰው የማብሪያውን ቦታ አውቆ በጣቱ ተጭኖ ነው የሄደው። ጋቢናውን ስንፈትሽ ከመሳቢያው ውስጥ የራሳችንን የሥራ ደረሰኝ አገኘን። በደረሰኙ ላይ በባለሙያችን የእጅ ጽሑፍ «ድብቅ ማብሪያ፦ ከመሪው ሥር በግራ በኩል፣ ከፊውዝ ሳጥኑ ጀርባ» ተብሎ ሰፍሯል። ሌቦቹ ይህን አንብበው ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለንም፤ አላነበቡትም ብለን ለመከራከር ግን ፊት የለንም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የቆዩ ደረሰኞቻችንን ስናገላብጥ ያየነው ነው። ቦታው ለሥራ የሚመች በመሆኑ ልማድ ሆኖብን፣ ማብሪያውን በአብዛኛዎቹ መኪኖች ላይ እዚያው ገጥመነዋል። በአንዱ መኪና ላይ ያገኘው ሰው የቀሩትንም አገኘ ማለት ነው።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሳችሁ የእኛን ደረሰኝ ከመኪናው አውጥታችሁ በቤት ወይም በቢሮ እንድታስቀምጡ እንለምናችኋለን። መኪናውን ስታመጡልንም ማብሪያውን ባለቤቱ ባለበት፣ ለዚያ መኪና ብቻ ወደተመረጠ ሌላ ስፍራ እናዛውራለን። አዲሱ ቦታ በደረሰኝ ላይም ሆነ በእኛ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የሚያውቁት ባለቤቱ፣ አሽከርካሪውና ሥራውን የሠራው ባለሙያ ብቻ ይሆናሉ። መኪናው ለጥገና ወደ ሌላ ጋራዥ በሚገባበት ጊዜ ማብሪያውን ሞተሩ እንዲነሳ በሚፈቅድበት ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ አስረክቡ እንጂ ቦታውን ለመካኒኩ አታሳዩ።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ስንመለስ፣ ብዙ ደንበኞች ወደ እኛ የሚመጡት «መኪናዬ እንዳይሰረቅ ጂፒኤስ አስገቡልኝ» በማለት ነው። እኛም ለረጅም ጊዜ ያለ ማብራሪያ ስንገጥም ኖረናል። ጂፒኤስ ግን ስርቆትን አይከለክልም፤ መሰረቁን ነው የሚናገረው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ዕቃው የሚሠራበትን መንገድ ማወቅ ድክመቱንም ለማየት ይረዳል። መከታተያው 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ስፍራ ያሰላል፤ ያሰላውን ደግሞ በውስጡ ባለው ሲም ካርድ በኩል በሞባይል መረብ ወደ ስልካችሁ ይልካል። ከዚያ ርቀት የሚመጣው ምልክት እጅግ ደካማ በመሆኑ፣ በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ የሚሰካ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ማወኪያ ሊያፍነው ይችላል። ሲም ካርዱ ሒሳቡ ካለቀም መከታተያው ያለበትን እያወቀ ለማንም አይናገርም፤ ለምርመራ ከመጡልን መኪኖች መካከል ይህ የገጠማቸው ጥቂት አይደሉም። ይህን ስንል መከታተያ አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። የራሱ ባትሪ ያለው፣ ከዋናው ባትሪ ሲነቀል ወይም ግንኙነቱ ሲቋረጥ ወዲያው የሚያስጠነቅቅ፣ በብረት ባልተከለለ ስፍራ የተደበቀ መከታተያ የተሰረቀን መኪና ለማስመለስ ትልቅ ረዳት ነው። ነገር ግን ከአሁን በኋላ መኪናውን በቆመበት የሚያስቀር ሌላ ነገር ሳይኖር መከታተያ ብቻውን አንገጥምም።

ለሌባ ትልቁ ወጪ ደቂቃ ነው። በቂ ጊዜና መሣሪያ ያለው ሰው የማይከፍተው ቁልፍ እኛ አናውቅም፤ ስለዚህ ማንኛውንም መከላከያ የምንመዝነው ሌባውን ስንት ደቂቃ፣ ምን ያህል ድምፅ እያሰማና በየት በኩል አጎንብሶ ያሠራዋል ብለን ነው።

በዚህ ሚዛን አዳዲሶቹና አሮጌዎቹ መኪኖች በጣም ይለያያሉ። ኢሞቢላይዘር ያለው መኪና በቁልፉ ራስ ውስጥ ያለችውን ቺፕ ካላወቃት የሞተሩ ኮምፒውተር ናፍጣ አይፈቅድም። ይሁንና የጭነት መኪና ስለሆነ ብቻ ይህ አለው ብላችሁ አትገምቱ፤ በአውሮፓ ኅብረት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ኢሞቢላይዘርን ግዴታ ያደረገው ደንብ የወጣው ለአዳዲስ የቤት መኪኖች እንጂ ለከባድ መኪኖች አልነበረም። ኢሞቢላይዘር ያለው መኪናም ቢሆን ከመሪው አካባቢ የሚገኘው የምርመራ ሶኬት ክፍት ከሆነ፣ ተገቢው መሣሪያ ያለው ሰው በዚያ በኩል አዲስ ቁልፍ ሊያስመዘግብ ይችላል። ለዚህም ሶኬቱን በብረት ክዳን መቆለፍ ወይም ከተለመደው ቦታ ማዛወር ቀላል ሥራ ነው። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበ አስነብቡ፤ በእጃችሁ ያለው ሁለት፣ የተመዘገበው ሦስት ከሆነ ሦስተኛው በሰው እጅ ነው፤ መሰረዝ አለበት።

በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩት አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። እንዲህ ያለ ሞተር አንዴ ከተነሳ በኋላ ለመሥራት የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ፣ በፖምፓው ላይ የተገጠመችውን የናፍጣ መዝጊያ ማግኔት ከፍቶ የሚይዘው ብቻ ነው። ሌባው አንድ ሜትር ሽቦ ይዞ ከባትሪው ወደ ማግኔቷ ይዘረጋል፣ ከዚያም በጠመንጃ መፍቻ የሞተሪኖውን ሁለት ጫፎች ያገናኛል፤ ሞተሩ ይነሳል። ቁልፉም ሆነ በጋቢና ውስጥ የተደበቀው ማብሪያ በዚህ መንገድ ላይ የሉም። በሌላ አነጋገር፣ ለብዙዎቻችሁ የሸጥንላችሁ ማብሪያ በጋቢና የሚገባን ሌባ እንጂ በሞተር በኩል የሚመጣውን አያዘገይም። አሁን የምንመክረው በማግኔቷና በሞተሪኖው ጫፎች ላይ በቀላሉ የማይፈታ የብረት ሽፋን መግጠም፣ ባትሪዎቹን በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ማድረግና ዋናውን የባትሪ ማቋረጫ ቁልፉ በሚነቀል ዓይነት መተካት ነው። ሞተራቸው በገመድ እየተሳበ የሚጠፋ መኪኖች ማግኔት ስለሌላቸው፣ ለእነርሱ በናፍጣው መስመር ላይ የተደበቀ መዝጊያ ይሻላል።

ብዙዎች የማያስተውሉት፣ እኛ ግን ከሁሉ አብልጠን የምንወደው መከላከያ ንፋሱ ነው። በንፋስ ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና ሲቆም ጎማውን ይዞ የሚያድረው ጠንካራ ሞላ ነው፤ ሞላውን ገፍቶ ፍሬኑን የሚለቀው የንፋስ ግፊት ነው። ሲስተሙ ሲሞላ ግፊቱ 8 ባር ገደማ ይደርሳል፤ 5 ባር ገደማ እስኪሞላ ድረስ ደግሞ ፍሬኑ በሚገባ አይለቅም። እንግዲህ አሽከርካሪው ማታ መኪናውን አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦና ለጎማው ታኮ አድርጎ ሲያበቃ፣ ከሥር ያሉትን የንፋስ ጋኖች ማፍሰሻዎች ቢከፍት ንፋሱ ከነተጠራቀመው ውኃ እየተንፎሸፎሸ ይወጣል፤ የጌጁ ቀስቶች ወደ ዜሮ ይወርዳሉ። ማፍሰሻዎቹንም ሳይዘጋ ያድራል። ሞተሩን በድብቅ ያስነሳ ሌባ መኪናው ፍንክች አይልለትም፤ ከሥር ተንጋልሎ ማፍሰሻዎቹን አንድ በአንድ መዝጋት፣ ከዚያም ሞተሩ እየጮኸ ጋኖቹ እስኪሞሉ ደቂቃዎችን መጠበቅ አለበት። ሞላውን በቡሎን ሰብስቦ ፍሬኑን በእጅ ማስለቀቅ የሚችል ሰው መኖሩ እውነት ነው፤ ይህንንም ሞላ ባለው በእያንዳንዱ ጎማ ላይ መድገም ይኖርበታል። ለዚህ አንድ ሳንቲም አታወጡም፤ ውኃው በየቀኑ መውጣቱም ለፍሬኑ ዕድሜ መልካም ነው። ከዚህ በተጨማሪ የእጅ ፍሬኑን እጀታ በተሳበበት የሚቆልፍ ዕቃ እንገጥማለን።

አንዳንድ ደንበኞች መኪናው እየሄደ ሳለ በስልክ ትእዛዝ ሞተሩን የሚያጠፋ ዕቃ ይጠይቁናል። ይህን አንገጥምም። ከባድ መኪና በቁልቁለት ላይ እያለ ሞተሩ ቢጠፋ መሪው ወዲያው ይከብዳል፣ ንፋሱን ወደ ጋኖቹ የሚሞላው ኮምፕሬሰርም ይቆማል፤ አሽከርካሪው በጋኑ ውስጥ በቀረው ንፋስ ጥቂት ጊዜ ብቻ ፍሬን ሊይዝ ይችላል። በመሪው ላይ ያለው ሌባ ይሁን በዛቻ የተገደደ የራሳችሁ ሠራተኛ ከሩቅ ሆናችሁ አታውቁም፤ በመንገዱ ላይ ያለው ሕዝብ ደግሞ ምንም በደል የለበትም። የምንገጥመው መኪናው ከቆመ በኋላ ዳግም እንዳይነሳ የሚያደርገውን ዓይነት ብቻ ነው። ለአሽከርካሪዎቻችሁም የታጠቀ ሰው ቢያስቆማቸው ቁልፉን ሰጥተው እንዲወርዱ ከወዲሁ ንገሯቸው።

ስለ ተሳቢ የምንለው አጭር ነው፦ ሞተር ስለሌለው ማንኛውም ጎታች መጥቶ ሊወስደው ይችላል። ነቅላችሁ የምታሳድሩት ከሆነ በማያያዣ ፒኑ ላይ ወፍራም የብረት ቁልፍ አድርጉ፤ የንፋስ ቱቦዎቹ መጋጠሚያም ይቆለፍ።

ከዕቃ ውጪ ባለው ነገር ላይ ረጅም ምክር ለመስጠት አንፈልግም፤ ሥራችሁን ከእኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ሆኖም መለዋወጫ ቁልፍ በፀሐይ መከላከያው ላይ ሰክቶ መሄድና ለአንድ ፊርማ ተብሎ ሞተሩን ሳያጠፉ መውረድ፣ ከላይ የዘረዘርነውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል። በመኪናው ውስጥ ዋናውን ሊብሬ አታኑሩ። የሻንሲውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ በሌላ ስፍራ አስቀምጡ፤ ቁጥሩ በአብዛኛው 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። በእጅ ስትገለብጡ እነዚህን ፊደላት ከጻፋችሁ ተሳስታችኋል ማለት ነው፤ በተሳሳተ ቁጥር ያመለከተ ሰው ደግሞ መኪናው ቢያዝ እንኳ የእርሱ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል። ያንኑ ቁጥር በመስታወቶቹ ላይ ማስፈልፈልም መኪናውን በትኖ ለሚሸጥ ሰው ተጨማሪ ሥራ ይፈጥርበታል።

ለማስተካከያው የሚመጡትን መኪኖች በቀን ከሦስት በላይ ስለማንቀበል፣ አስቀድማችሁ በመደወል ተራ ያዙ። ስትመጡ ያሏችሁን ቁልፎች በሙሉና የቀድሞውን ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ፤ ደረሰኙን ከፊታችሁ ቀደን የማብሪያው ቦታ ያልተጻፈበት እንተካላችኋለን። በተፈጠረው ስሕተት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ