አዲስ አበባ–ዋሽንግተን፦ የመሄጃውና የመመለሻው ሰዓት አንድ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «13 ሰዓት» ነው። ይህ ለመመለሻው ይሠራል፤ ለመሄጃው አይሠራም። ስለ በረራ ስትዘግቡ ሁለቱን ለይታችሁ ብትጽፉ አንባቢ ይጠቀማል።

በቦሌና በደለስ (በዋሽንግተኑ) አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ካሰመሩት መስመሩ በቻድና በኒጀር ያልፋል፤ ሉል ላይ ክር ቢወጥሩ ግን ወደ ሰሜን ተለጥጦ አልጄሪያንና ስፔንን ይሻገራል። አብራሪ ክሩን ተከትሎ አይሄድም። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲነሳ የአገሪቱ ሰማይ ተዘግቶ ብዙ መስመር ዞሯል።

ከዚያ ነፋሱ አለ። ከፍታው ላይ ያለው ነፋስ በዚህ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ነፋሱ ከኋላው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢገፋው 12 ሰዓት ግድም፣ ያው ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣበት 13 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። መንደርደሪያ፣ ዙሪያ መንገድና ወረፋ ገና አልተቆጠሩም።

ዋናው ጣጣ ግን ቦሌ ነው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስላለ አየሩ ሳስቷል፤ ቀኑ ሞቅ ሲል ሩብ ያህል ይጎድላል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ጎማው ደግሞ ሊያልፈው የማይችለው የፍጥነት ጣሪያ አለው። ስለዚህ ክብደት ይቀነሳል። ለዚህ መስመር የሚመደብ ትልቅ አውሮፕላን በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ይበላል፤ ለአንድ ተጨማሪ ሰዓት የሚጫነው ነዳጅ ከነሻንጣቸው 50 መንገደኞችን ያህል ይመዝናል። መንገደኛ ከማውረድ መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ መሙላት ይቀላል። የአየርላንዷ ደብሊን ለዓመታት ያገለገለችው ለዚህ ነው። ማረፉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጨምራል፤ ደለስ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ይዞ በአንድ ትንፋሽ ቦሌ ይገባል።

«ዳይሬክት» የሚለው ቃልም ያሳስታል፦ የበረራ ቁጥሩ አይለወጥም ማለት እንጂ መሃል ላይ አይቆምም ማለት አይደለም። የማይቆመው «ነንስቶፕ» የተባለው ነው።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የየከተማው ነው። ከዋሽንግተን ከረፋዱ 5 ሰዓት (11:00) ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት (07:00) አዲስ አበባ የሚገባ በረራ 20 ሰዓት የበረረ ይመስላል። በአሜሪካ የበጋ ሰዓት (ሰዓታቸው አንድ ወደፊት በሚገፋበት ወቅት) የ7 ሰዓት ልዩነት ሲቀነስ 13 ነው። ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ ደግሞ 8 ይቀነሳል።

ከሁሉ ብዙ ሰው የሚያስቀረው ግን «ማክሰኞ 00:30» ነው። ይህ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው፤ ቦሌ መድረስ ያለበት ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ የመጣ ሰው በረራው ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ከአክብሮት ጋር
የበረራ ዕቅድ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ