በመኪናው ለሚሠራ ሰው የማይከፍል የጎማ ኢንሹራንስ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከዲለር፣ ማለትም ከመኪና መሸጫ ድርጅት፣ መኪና ስንገዛ፣ በዋጋው ተስማምተን ለፊርማ በምንገባባት ክፍል ውስጥ የጎማና የቸርኬ ኢንሹራንስ እንድንጨምር እንጠየቃለን። አንባቢያን በዚህ ጉዳይ ላይ በሚገባ እንዲያስቡበት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የምተዳደረው በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የጎማ መሸጫና መጠገኛ በጎሚስታነት ነው። የብርዱ ወራት ሲያበቃ፣ በአስፋልቱ ስንጥቅ የገባው ውሃ እየበረደና እየቀለጠ መንገዱን ስለሚፈነቅለው፣ በጉድጓድ የተመታ ጎማ ይዞ የሚመጣው ሰው ይበዛል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ናቸው። የኢንሹራንሱን ወረቀት አውጥተው ሲሰጡኝ ጎማው በነጻ እንደሚቀየርላቸው እርግጠኞች ናቸው፤ ውሉን ገልጬ ሳነብ ግን ብዙ ጊዜ የምነግራቸው ሌላ ነገር ይሆናል።

በእኔ አስተያየት ይህ ኢንሹራንስ ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም። በኡበርና በሊፍት ተሳፋሪ በማጓጓዝ ወይም በምግብ ማድረስ ሥራ ለሚተዳደር ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከነጭራሹ አይከፍልም።

አስቀድሞ ሒሳቡን እንመልከት። በዚያች ክፍል ውስጥ ዋጋው በጠቅላላ ሲነገር እምብዛም አይሰማም፤ የሚነገረው በወር የሚጨመረው ገንዘብ ነው። ለምሳሌ 1,100 ዶላር የተተመነ የ5 ዓመት ውል በ9 በመቶ ወለድ በ72 ወር በሚከፈል ብድር ላይ ቢደመር፣ የወር ክፍያውን ከፍ የሚያደርገው 20 ዶላር በማይሞላ ገንዘብ ነው። ብድሩ ተከፍሎ ሲያልቅ ግን ከገዢው ኪስ የወጣው ወደ 1,430 ዶላር ይጠጋል፤ ያውም ኢንሹራንሱ በ5 ዓመት ሲያበቃ ዕዳው ለ6ኛ ዓመት ይቀጥላል፤ በዚያ ዓመት ጎማው ቢፈነዳ የሚክሰው የለም። እንደ ቶዮታ ካምሪ ላለ መኪና ደህና ጎማ ከነማስገጠሚያው 200 ዶላር ያህል ያወጣል ብንል፣ ይህ ገንዘብ 7 ጎማ ይገዛል። በ5 ዓመት ውስጥ 7 ጎማ፣ በማርጀት ሳይሆን በአደጋ፣ ሊጠገን በማይችል ሁኔታ የሚበላሽበት ሰው በሥራዬ ላይ አጋጥሞኝ አያውቅም። በብዛት የሚመጣው ሚስማር የወጋው ጎማ ነው። ቀዳዳው መሬት በሚነካው በጥርሱ ክፍል ላይ ከሆነና ስፋቱ ከሩብ ኢንች ካልበለጠ፣ ጎማው ከቸርኬው ወርዶ ከውስጥ በኩል ይለጠፋል፤ ዋጋውም በአካባቢያችን ከ25 እስከ 40 ዶላር ነው። በጎኑ ወይም በትከሻው ላይ የተወጋ ጎማ ግን ስለማይጠገን መቀየር አለበት።

ትሪፕል ኤ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2022 ባወጣው መግለጫ፣ በቀዳሚው ዓመት ከ10 አሽከርካሪዎች አንዱ በመንገድ ጉድጓድ ምክንያት መኪናውን ለማስጠገን መገደዱንና የአንዱ ጥገና አማካይ ዋጋ ወደ 600 ዶላር መጠጋቱን ገልጾ ነበር። ይህ ቁጥር ሰውን ለማስፈራራት ይመቻል። ነገር ግን ያው ቁጥር 9ኙ ምንም እንዳላወጡ ይናገራል፤ በ600ው ውስጥም የጎማና የቸርኬ ኢንሹራንስ የማይሸፍነው የመኪናው የእግርና የመሪ ክፍሎች ጥገና ይገኝበታል።

ውሉ የሚሸፍነው በመንገድ ላይ ባለ ነገር፣ ይኸውም በሚስማር፣ በጠርሙስ ስባሪ፣ በብረት ቁራጭ ወይም በጉድጓድ የደረሰን ጉዳት ነው። በአገልግሎት ብዛት ያለቀ፣ ኮንቨርጀንሳው (የጎማዎቹ አቀማመጥ) ተዛብቶ በአንድ ወገን የተበላ ወይም ነፋሱ አንሶ ሲነዳ የተቃጠለ ጎማ አይሸፈንም። ቸርኬው ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ተፋግቶ ቢጫርም፣ ነፋስ እስከያዘ ድረስ የመልክ ጉዳት ነው ተብሎ በአብዛኛው ይታለፋል። የጎማው ጥርስ ጥልቀት፣ እንደየውሉ፣ ከ2/32 ወይም ከ3/32 ኢንች በታች ከወረደ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም። አዲስ ጎማ ሲገጠም ጥርሱ ወደ 10/32 ኢንች ስለሚሆን ይህ የሩቅ ነገር ይመስላል፤ በቀን ረጅም ሰዓት ለሚያሽከረክር ሰው ግን ቶሎ ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ሰዎችን የሚጎዳው፣ የኢንሹራንሱ ኩባንያ አስቀድሞ ፈቃድ ሳይሰጥ የተቀየረ ጎማ የማይከፈልበት መሆኑ ነው። በሌሊት በ495 ቀለበት መንገድ ላይ ጎማው የፈነዳበት ሰው ያገኘው ጎሚስታ ጋ ቀይሮ በማግስቱ ደረሰኝ ቢልክ፣ ደረሰኙ ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወደ አስጻፈኝ ጉዳይ ልለፍ። ባለፈው የብርድ ወራት ማብቂያ ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ካምሪያቸውን ይዘው መጡ። የፊት ቀኝ ጎማቸው ጎኑ ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት አውጥቷል፤ ይህ ማለት ጉድጓዱ ሲመታው የውስጡ ክር ተበጥሷል፣ በየትኛውም ሰዓት ሊፈነዳ ይችላል ማለት ነው። የቸርኬውም ከንፈር ተጣሟል። ከዳሽቦርዱ ኪስ ውሉን አውጥተው ሰጡኝና በውሉ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። የስልኩ ሠራተኛ መኪናው የተገዛበትን ቀን ጠየቀች፤ ነገርኳት። የጥርሱን ጥልቀት ጠየቀች፤ ለክቼ 5/32 አልኳት፤ በቂ ነው አለች። የሄደበትን ማይል ስነግራት ግን ቆም አለችና፣ መኪናው በአንድ ዓመት ከ40 ሺህ ማይል በላይ እንዴት ሊሄድ እንደቻለ፣ ሰው በክፍያ የሚጫንበት እንደሆነም ጠየቀች። ጥያቄውን ተረጎምኩላቸው። ሰውየውም ሳያመነቱ «አዎን፣ ሊፍት ነው የምሠራው» አሉ። ጥያቄው ውድቅ የተደረገው በዚያው የስልክ ንግግር ነው። በውሉ ጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል፣ በኪራይ፣ በታክሲ፣ ተሳፋሪ በማጓጓዝ ወይም ዕቃ በማድረስ ሥራ ላይ የዋለ መኪና እንደማይሸፈን ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ይህን ሲሸጡልዎ ሥራዎ ምን እንደሆነ አልጠየቁዎትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሥራዬንማ የብድሩ ማመልከቻ ላይ ራሳቸው ጽፈውታል» አሉኝ።

ይህ አነጋገራቸው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። የእኚህን አባት መተዳደሪያ የሚያውቀውና በብድሩ ፎርም ላይ የሞላው ጠረጴዛ፣ በዚያው ሰዓት ለመተዳደሪያቸው የማይሆን ውል አስፈርሟቸዋል። የጎማውንና የቸርኬውን ዋጋ ከኪሳቸው ከፈሉ፤ ለኢንሹራንሱ የሚከፍሉትም ከወር ወር ቀጥሏል። ሁሉም ውል ይህን ክልከላ አይዝም፤ ተጨማሪ ክፍያ አስከፍሎ የሥራ መኪናን የሚሸፍንም አለ፤ ነገር ግን ካልተጠየቀ የሚነግር ስለሌለ በጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል።

በየዲለሩ ለሚሠሩ የአገራችን ልጆች በወንድማዊ አክብሮት የምለው አለኝ። እናቶቻችንና አባቶቻችን እናንተን ፈልገው የሚመጡት ቋንቋቸውን ስለምትችሉ ብቻ ሳይሆን ስለሚያምኗችሁ ነው። ውሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እነሱ የሚሰሙት የእናንተን አማርኛ ነው። ስለዚህ የሚሸፈነውን በአማርኛ የምታስረዱ ከሆነ፣ የማይሸፈነውንም በዚያው አማርኛ ማስረዳት ይገባችኋል፤ በተለይ ገዢው በመኪናው እንጀራውን የሚያበስል መሆኑን ስታውቁ። ኮሚሽን የምታገኙበት ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም የምኖረው ጎማ በመሸጥ ነው።

ሕጉ ይጠብቀናል ብሎ መዘናጋትም አይገባም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. በተለያዩ ግዛቶች መሸጫዎች ያሉት አንድ የዲለሮች ድርጅት፣ ደንበኞች ያልጠየቋቸውን ተጨማሪ ሽያጮች በውል ውስጥ አስገብቷል በሚል ክስ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አስደርጓል። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ለገዢው ጥቅም የሌለውን ተጨማሪ ነገር መሸጥን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ይሁንና በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የአምስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደንቡን ሽሮታል። ማታለል ዛሬም ክልክል ነው፤ ውሉን አንብቦ አልፈልግም ማለት ግን የገዢው ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። ብድሩ የሚጸድቀው ኢንሹራንሱ ከተገዛ ብቻ ነው የሚል ሻጭ ካለ፣ ባንኩ ያንን ግዴታ ያደረገበትን ሰነድ እንዲያሳይ መጠየቅ ይበቃል።

ኢንሹራንሱ የሚያዋጣው ሰው መኖሩን አልክድም። 20 ኢንች ቸርኬና ጎኑ ቀጭን የሆነ ጎማ ያለው ውድ መኪና፣ ወይም ነፋስ ሳይኖረው የተወሰነ ርቀት መሄድ የሚችለውን ልዩ ጎማ የሚጠቀም መኪና የያዘ ሰው፣ በአንድ ጉድጓድ ከ1,000 ዶላር በላይ ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው መኪናውን ለግሉ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ በየቀኑ በተበላሸ መንገድ የሚመላለስ ከሆነና ዋጋውን ተከራክሮ በማስቀነስ ከብድሩ ውጭ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ከሆነ፣ ቢገዛ አልቃወመውም። ዋጋው ለድርድር ክፍት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። እንደ ሱባሩ ባለ አራቱም ጎማ በሚጎትት መኪና ላይ አንድ ጎማ ሲበላሽ፣ የጥርሳቸው ጥልቀት እንዲመጣጠን አራቱንም መቀየር ግድ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ፣ ውሉ የሚከፍለው ለአንዱ ብቻ ይሁን ለአራቱም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ለሌላው ሰው የተሻለ መንገድ አለ። ኮስትኮ ከተባለው መደብር የሚገዛ ጎማ የ5 ዓመት የመንገድ አደጋ ዋስትና ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብሮት ይመጣል፤ ካሳው በቀረው የጥርስ መጠን የሚሰላ ነው። ዲስካውንት ታየር የተባለው የጎማ መሸጫ የተወጋ ጎማ ሊጠገን የሚችል ከሆነ በነጻ ይጠግናል። በበሩ መዝጊያ አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ በተጻፈው ልክ ነፋሱን በየወሩ ማስተካከልም ብዙ ጎማ ያድናል። በዲሲ ጉድጓድ መኪናው የተጎዳበት ሰው ጊዜውን፣ ቦታውንና የደረሰበትን ጉዳት ጠቅሶ በ6 ወር ውስጥ ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ማመልከት አለበት፤ ካሳ ለማግኘቱ ዋስትና የለውም፣ ጊዜው ካለፈ ግን በሩ ይዘጋል። ስለዚህ የጉድጓዱን ፎቶግራፍ በዚያው ቀን ማንሳት ይጠቅማል።

ቀድሞ የገዛ ሰውም አልረፈደበትም። ብዙዎቹ ውሎች በመጀመሪያዎቹ 30 ወይም 60 ቀናት ውስጥ፣ ካሳ ካልተጠየቀባቸው፣ ሙሉ ገንዘብ ይመልሳሉ፤ ከዚያ በኋላም የቀረው ጊዜ ተሰልቶ፣ የመሰረዣ ክፍያ ተቀንሶ፣ ይመለሳል። ማመልከቻው በጽሑፍ ሆኖ የውሉን ቁጥር፣ ቀኑንና መኪናው በዕለቱ ያለበትን ማይል መያዝ አለበት፤ ቅጂውንም ማስቀረት ያስፈልጋል። መኪናው በብድር ከሆነ ገንዘቡ የሚመለሰው ለአበዳሪው ስለሆነ የወር ክፍያው አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ዋናው ዕዳ ነው። በመሆኑም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለባንኩ ደውሎ ገንዘቡ መግባቱን ማረጋገጥ ይገባል።

እንዲህ ያለውን ማመልከቻ በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚቸግራቸው ብዙ አባቶችና እናቶች ስላሉ፣ ጋዜጣዎ ቆርጠው ሊጠቀሙበት የሚችሉት አንድ ናሙና ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር በቀጣዩ እትም ቢያወጣልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ናሙናውን በማዘጋጀት ለመርዳት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጎሚስታ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ