ስለ ሽንኩርቱ ማነስና ስለ ዋጋው፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ያቀረብንላችሁ ቀይ ሽንኩርት ጥቃቅን ሆኖ ሳለ በኪሎ 10 ብር በመጨመራችን ማዘናችሁን ሰምቻለሁ። አስቀድመን ባለማስታወቃችን ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ትልልቁን ለሆቴል ሰጥታ ትርፍራፊውን ለእኛ ላከች» መባሉ ግን እውነት ስላልሆነ፣ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

ሽንኩርቱን የምናመጣው መቂ አካባቢ በመስኖ ከሚያለሙ ሦስት ገበሬዎች ነው። ችግኙ የተተከለው በጥቅምት መጨረሻ ሲሆን፣ መታረም በነበረበት በኅዳር የቀን ሠራተኛው ሁሉ ወደ ጤፍ አጨዳ በመሄዱ ማሳው አንድ ወር ሙሉ አረም ዋጠው። ጎመን ቢሆን ቅጠሉን ዘርግቶ መሬቱን ስለሚያጠላ ከሥሩ የሚበቅለውን ያፍነዋል፤ የሽንኩርት ቅጠል ግን ቀጭንና ቀጥ ያለ በመሆኑ ብርሃኑን ለአረሙ ይለቃል፣ የራሱም ሥር ጥልቀት ስለሌለው ውኃውንና ማዳበሪያውን በአረሙ ይነጠቃል። ሽንኩርት ስንከትፍ የምናየው እያንዳንዱ ድርብ የአንድ ቅጠል ግርጌ ነውና፣ በጊዜው በቂ ቅጠል ያላወጣ ሽንኩርት ዘግይቶ ቢታረምለትም እንደሚገባው አይወፍርም። እኔም ማሳው ድረስ ሄጄ እንግጫ የሚባለውን አረም ስነቅል ቅጠሉ እጄ ላይ ቀረ፤ መልሶ የሚያበቅለው ጠጠር የሚያህል እባጭ ግን አፈሩ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ገበሬዎቹ ሁለት ጊዜ ደግመው አሳረሙ፣ ምርቱ ግን ከልማዱ እጅግ አነሰ። የጨመርነው 10 ብር ለዚያ የእጅ አረም የተከፈለ ነው እንጂ ሱቁ ጋ አልቀረም፤ የመኪና ኪራይ ጭማሪውን እንኳ ከራሳችን ችለነዋል።

ከሌላ ቦታ ትልልቅ ሽንኩርት ገዝቼ ማስደሰት እችል ነበር። ነገር ግን እናቴ አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረ ጊዜ ጎመን እየቸረቸረች ያሳደገችኝ ነኝና፣ ይህን ሱቅ ስከፍት ያለ መያዣ በዱቤ የጫኑልኝን እነዚህን ገበሬዎች ምርታቸው በከፋበት ዓመት ልከዳቸው አልፈቀድሁም። እናንተም ቢሆን ዝናብ ሳይበግራችሁ፣ መንገዱ ተቆፍሮ በነበረበት ጊዜ ሳይቀር ደጃችን ድረስ እየመጣችሁ ያቆያችሁን ናችሁ፤ ቅያሜያችሁ የከበደኝም ለዚህ ነው።

በታኅሣሥ መጨረሻ የተተከለው ሁለተኛው ማሳ በወቅቱ ስለታረመ፣ ሚያዝያ ላይ ሲደርስ ወደ ቀድሞው ዋጋ እንመለሳለን። እስከዚያ ትንሹን ሽንኩርት የማትፈልጉ ከሆነ፣ በሽንኩርቱ ፋንታ ካሮት ወይም ጎመን እንድንተካላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ብትነግሩን በደስታ እናደርገዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ