እርቃን ሐውልትን ከወገቡ ቆርጦ ማተም ሥራውን ማጉደል ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በባህል ዓምዳችሁ ስለ ጥንታዊ የግሪክ ቅርጻ ቅርጽ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። ጸሐፊው ቀራፂዎቹ ስለ ሚዛን የነበራቸውን ዕውቀት በጥሩ ሁኔታ አብራርቷል። ቅር ያሰኘኝ አብሮት የታተመው ፎቶግራፍ ነው፤ ሐውልቱ እርቃኑን በመሆኑ ይመስለኛል፣ ከወገቡ ላይ ተቆርጦ ደረቱና ራሱ ብቻ ወጥቷል። ከወጣትነቴ ጀምሮ የወንድን እርቃን ገላ የሚያሳዩ ንድፎችን፣ ኅትመቶችንና ትናንሽ የጂፕሰም ቅጂዎችን ስሰበስብ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ በዚህ አቆራረጥ ምን እንደጠፋ ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት እወዳለሁ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹት፣ ኩሮስ የሚባሉት የወጣት ወንድ ሐውልቶች እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ግራ እግራቸውን አስቀድመው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እግራቸው የተራመደ ይምሰል እንጂ ክብደታቸው በሁለቱም እግሮች ላይ እኩል ስለተከፈለ ዳሌያቸው አልተነቃነቀም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ገደማ የተሠራውና ዛሬ በአቴና የአክሮፖሊስ ሙዚየም የሚገኘው፣ የክሪቲዮስ ልጅ የሚባለው የእምነበረድ ሐውልት ግን ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ጥሎ ቀኝ ጉልበቱን ለቀቅ አድርጓል፤ በዚህም የተነሳ የግራ ዳሌው ከፍ ብሏል፣ ወገቡ በጥቂቱ ታጥፏል፣ ፊቱም ዘወር ብሏል። ግሪካዊው ቀራፂ ፖሊክሌይቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ በሠራው፣ ጦር ተሸካሚ በሚባለው ሐውልት ይህንኑ ዕውቀት ወደ ፍጹም ሥርዓት አደረሰው፤ የነሐሱ ሥራ ራሱ ጠፍቶ ዛሬ የምናውቀው ሮማውያን በእምነበረድ ከገለበጧቸው ቅጂዎች ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ዳሌው ሲያዘነብል አከርካሪው አብሮ ይታጠፋል፣ ትከሻው በተቃራኒው ዝቅ ይላል፣ አንገትም ይከተላል። የእንቅስቃሴው ሁሉ መነሻ ዳሌ ነው። ፎቶግራፋችሁ የቆረጠውም እሱኑ ነው።

ከስብስቤ ሁሉ አብልጬ የምሳሳለት ውድ ዕቃ አይደለም። ስሙን ያልጻፈ አንድ ተማሪ በግራጫ ወረቀት ላይ በከሰል የነደፈው የወንድ ሞዴል ጀርባ ነው። ሞዴሉ ረጅም በትር ተደግፏል፤ በሥዕል ትምህርት ቤቶች በትር ወይም ገመድ የሚሰጠው፣ ሞዴሉ ክንዱን ከፍ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆም እንዲችል ነው። ተማሪው ቀኙን ተረከዝ ደጋግሞ አስተካክሎታል። የመጀመሪያው መስመር ደብዝዞ ይታያል፤ በዚያ መስመር ሰውየው በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። በመጨረሻው መስመር ከሰሉን አጥብቆ በመጫኑ ወረቀቱ ጎድጉዷል፣ ሰውየውም መሬት ረግጧል። ከዚያ ተረከዝ ተነስቶ በባቱ፣ በጭኑና በመቀመጫው በኩል እስከ ትከሻው የሚወጣውን መስመር ዓይኔ ስንት ጊዜ እንደተከተለው እኔ ራሴ አላውቅም፤ ሁልጊዜም የሚያስደንቀኝ አዲስ ነገር አገኝበታለሁ።

የወንድ እርቃን የጉልበት መፎከሪያ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎችን አስተያየት አልቀበልም። በሮም ካፒቶሊን ሙዚየም ያለውን፣ ቆስሎ መሬት ላይ የወደቀውን፣ ጎል ከሚባለው ጥንታዊ ሕዝብ ወገን የሆነውን ተዋጊ ሐውልት የተመለከተ ሰው ይህን አይልም። በአንገቱ ላይ ካለው የተጠማዘዘ ጌጥ በቀር እርቃኑን ነው፤ ከቀኝ ጡቱ በታች ተወግቷል፣ በቀኝ ክንዱ ተደግፎ ወደ መሬት አቀርቅሯል። ሆዱ ላይ የተጨማደደው ቆዳ የሕመሙን መጠን ከፊቱ ይልቅ አጉልቶ ይናገራል። ይህን ሰው ልብስ ብናለብሰው የሚቀረን የአንድ ወታደር ምስል ብቻ ነው።

ግልድም ማልበስ አዲስ ነገር አለመሆኑን አውቃለሁ። ማይክል አንጄሎ በሲስቲን ጸሎት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1536 እስከ 1541 የሣለው የመጨረሻው ፍርድ፣ እሱ በሞተ በዓመቱ በ1565 ዳንኤሌ ዳ ቮልቴራ በተባለ ሠዓሊ እጅ ጨርቅ እንዲለብስ ተደርጓል፤ አንዳንዱ ቦታማ የቀድሞው ሥዕል ከግድግዳው ላይ ተፍቆ ስለተነሳ መልሶ ማግኘት አይቻልም። በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1857 ለገባው፣ ማይክል አንጄሎ ለቀረጸው የዳዊት ሐውልት የጂፕሰም ቅጂ ደግሞ፣ የንጉሣውያን ቤተሰብ ሴቶች ሲጎበኙ የሚንጠለጠል የበለስ ቅጠል ተሠርቶለት ነበር። ቅጠሉ ቢያንስ ይወርዳል። ከዚህ የከፋው ጉዳት በሴት ሠዓሊያን ላይ የደረሰው ነው፤ ሠዓሊው ጆሃን ዞፋኒ ሮያል አካዳሚ የሚባለውን የለንደን የሥነ ጥበብ ተቋም አባላት እርቃን ሞዴል ከበው ሲሥል፣ ከመሥራቾቹ መካከል የነበሩትን ሁለት ሴቶች፣ አንጀሊካ ካውፍማንንና ሜሪ ሞዘርን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ሥዕሎች አድርጎ ነው ያስገባቸው። በክፍሉ ውስጥ መገኘት አልተፈቀደላቸውምና።

ጋዜጣችሁ በየቤቱ የሚገባና ሕፃናትም የሚያዩት በመሆኑ መጠንቀቃችሁን አከብራለሁ። እርቃን ሁሉ ሥነ ጥበብ ነውም አልልም፤ የሰውን ገላ ለመሸጫ ብቻ የሚያቀርብ ምስል በስብስቤ ውስጥ ቦታ የለውም። ነገር ግን አንድ ሐውልት ለገጻችሁ አይመጥንም ብላችሁ ካመናችሁ፣ ቆርጣችሁ ከምታወጡት ይልቅ ሌላ ሥራ ብትመርጡ ወይም ከጀርባው የተነሳ ፎቶግራፍ ብታወጡ ይሻላል፤ የሚዛኑ ነገር ከጀርባም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሙሉውን ለማውጣት ከወሰናችሁ ደግሞ ከእግሩ መቆሚያ እስከ ራሱ ጫፍ አውጡት፤ ከሥሩም የተሠራበትን ቁስ፣ ቁመቱንና ዛሬ የሚገኝበትን ሙዚየም ጻፉልን። አለበለዚያ ቁመቱ 5 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር የሆነው የማይክል አንጄሎ ዳዊትና መዳፍ ላይ የሚቆም ትንሽ ነሐስ በገጻችሁ ላይ እኩል ሆነው ይታያሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ