ራሴን ያመመኝ ብርዱ አልነበረም
እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ "አሁንም ራስህን ያምሃል?" ስትይኝ "ብርዱ ነው" ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሽ ነው። እንዳትጨነቂ ብዬ ነውና ይቅር በይኝ።

የምሠራው ዋሽንግተን፣ ከሕንፃ ሥር 3 ፎቅ ወደ ታች በሚወርድ የመኪና ማቆሚያ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በብርዱ ወራት ሰዉ መኪናው እስኪሞቅለት ሞተር አስነስቶ ይቆማል፣ 11 ሰዓት ላይ ቢሮ ሲለቀቅ ደግሞ እስከ መውጫው ድረስ ይሰለፋል፣ እኔ ያን ሁሉ ሰዓት ሂሳብ የምቀበልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነኝ። ማታ ግንባሬን ጥፍንግ አድርጎ ይይዘኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። እሑድ ቤት ስውል ግን ይለቀኛል። አለቃዬ "ደክሞህ ነው፣ ውሃ ጠጣ" አለኝ።

አንድ ባልደረባዬ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ መለኪያ ገዛ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ናት፣ ኮሌታ ላይ ትሰካለች። 2 ሳምንት ሙሉ ተራ በተራ እየሰካናት በየ15 ደቂቃው ቁጥሩን በደብተር ጻፍን። ጠዋት 4 እና 5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 4 እና 5 እጅ ጋዝ ማለት ነው) የነበረው ማታ 90 ያልፋል። አንድ ቀን 130 አየሁ፣ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። የ8 ሰዓቱ አማካይ 41 ወጣ። ሕጉ እስከ 50 ይፈቅዳል፣ ናዮሽ የሚባለው የመንግሥት የምርምር ተቋም ግን ከ35 እንዳይበልጥ ይመክራል። አለቃዬ 50ውን ይዞ "ሕግ አልጣስንም" ሲል በጣም ተናደድኩ። ደብተሩን ገልጠን አሳየነው። ቁጥሩ ከፍ የሚለው አየር ማውጫው ማራገቢያ በሚጠፋበት ሰዓት ነው። 3 ሠራተኛ ከፈረመ ናዮሽ እንዲመረምር መጠየቅ ይቻላል፣ እኛም 3 ሆነን ፈረምን። ከሰኞ ጀምሮ ማራገቢያው አልጠፋም፣ ቁጥሩም ከ20 አላለፈም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ይሄ ጋዝ ከከሰልሽ የሚወጣው ያው ጋዝ ነው እማዬ። ትዝ ይልሻል፣ በሐምሌ ብርድ በር ዘግተን ቡና እየፈላ ራሴን ሲያመኝ "ምች ነው" ብለሽ ደጅ አውጥተሽ ዳማከሴ ያሸሽልኝ? ወዲያው ለቀቀኝ። ለካ ያዳነኝ ደጁ ነው። "ከፈመ አይጎዳም" ትያለሽ፣ ግን ጭሱ ቢያልቅም ጋዙ አያልቅም። አይታይም፣ አይሸትም፣ ደም ውስጥ ሲገባ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል።

ለፋሲካ በሚመጣ ሰው ይሄ ጋዝ ሲበዛ የሚጮህ ማንቂያ እልክልሻለሁ። መኝታ ቤት ይሰቀልልሽ። ከጮኸ በሩን ከፍተሽ ውጪ፣ ከሰሉን ላውጣ ብለሽ እንኳ አትመለሺ። እስከዚያም ከዚያም በኋላ ማንደጃው ደጅ ይደር፣ አደራ። ወፍራም ብርድ ልብስም ጨምሬ እልካለሁ።

ልጅሽ