መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የዓይንሽ ሞራ ተነሥቶልሽ ዳዊትሽን ራስሽ መድገም ጀመርሽ ሲሉኝ እልል አልኩ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚያ ነው። እስከ ዛሬ የምጽፍልሽን ሁሉ የሚያነብልሽ ወንድሜ ነበር። ይህን ግን ለእሱ አትስጪው። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ ቁርጥ አባባን ነው። ትንሿ ከሽሮ ሌላ አልቀምስም ብላለች፤ የትምህርት ቤቱ ምሳ እንደሄደ ይመለሳል። ለጥምቀት አንቺ የላክሽላትን ቀሚስ ለብሳ አውልቂ ብትባል አገር ይያዝልኝ አለች። ለቅማ የያዘቻትን መዝሙር በስልክ ታሰማሻለች።

የግፊት መድኃኒትሽንስ እየወሰድሽ ነው? ሻል ሲልሽ የምታቋርጪውን ነገር ተይ። ሐኪሙ ሳይነግርሽ አንድም ፍሬ እንዳትዘይ።

ሥራ ቀይሬያለሁ። የጽዳቱን ትቼዋለሁ። አሁን የቀጠረኝ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሰዎችን የሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። «ደግሞ ለንደን ምን ጎዳና አዳሪ አለ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አለ እማዬ። ሌሊት ሌሊት እየዞሩ የሚፈልጓቸውና የሚመዘግቧቸው ሠራተኞች አሉ። በፈረንጆቹ ከሚያዝያ 2024 እስከ መጋቢት 2025 ድረስ ለንደን ውስጥ ብቻ ከ13,000 በላይ ሰው ደጅ ሲያድር አግኝተዋል። የእኛም ልጆች አሉበት።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በበጎ ፈቃድ ነው። የፈረንጅ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ይውላል። የዚያን ቀን ሥራ የለም፣ አውቶቡስም ባቡርም አይንቀሳቀስም። እኛ ደግሞ ገና ጾም ላይ ነን። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ክራይሲስ የሚባል ድርጅት ዘንድ ተመዘገብኩ። ከ1967 ጀምሮ የቆየ ድርጅት ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። በገና ሰሞን ቤት ለሌላቸው ሰዎች ማእከል ይከፍታል። ትኩስ ምግብ አለ፣ ሻወር አለ፣ ፀጉር የሚያስተካክል አለ፣ ሐኪም አለ። አብዛኛው የሚያገለግለው በነጻ ነው። እኔም ሻይ ቀዳሁ፣ ሽንት ቤት አጠብኩ፣ በኋላ እግር የሚታይበት ክፍል መደቡኝ።

አንድ የእኛ ልጅ መጣ። ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርንለትና በመቀስ ቀስ እያልን ቆረጥነው። በጣቶቹ መሃል ቆዳው ነጭ ሆኖ ተልጧል። «አይዞህ» ስለው ደንግጦ ቀና አለ። ወዲያው ፊቱን በእጁ ሸፈነ፣ ሐበሻ እንዳያየው። ታጥቦ፣ ታሽጎለት፣ አዲስ ጫማ ካደረገ በኋላ ግን ተመልሶ መጣና ስልኩን ሰጠኝ። የገና ዛፉ አጠገብ ቆመ። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘጋው። «ከወገብ በላይ አንሺኝ፤ ለእናቴ የምልከው ነው» አለኝ።

እማዬ፣ ቡፌው ላይ ያስቀመጥሽው ፎቶዬ፣ ትራፋልጋር አደባባይ አንበሳው ሥር የቆምኩበት፣ የዚያን ጊዜ እኔም ማደሪያ አልነበረኝም።

የመኖሪያ ወረቀቴ የወጣው በእኛ ኅዳር 2008 ነው። እልልታሽን ሰፈር ሰምቶታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ያልነገርኩሽ። ጥገኝነት ጠይቀሽ ስትጠብቂ መንግሥት ማደሪያ ይሰጥሻል። ያኔ ወረቀቱ በወጣ በ28 ቀን ለቀሽ ውጪ ይሉሽ ነበር። በ28 ቀን ሥራ ከየት ይመጣል? የቤት ቀብድስ? ዛሬ እንኳ የመንግሥት ድጎማው የመጀመሪያ ክፍያ እጅሽ እስኪገባ 5 ሳምንት ያስጠብቃል። ማዘጋጃ ቤቱም ልጅ ላላት፣ ለታመመች ነው ቅድሚያ የሚሰጠው። እኔ ጤነኛ ነበርኩ፣ ብቻዬንም ነበርኩ።

ስለዚህ 25 ቁጥር አውቶቡስ ላይ አደርኩ። ያኔ ከኦክስፎርድ ሰርከስ ኢልፎርድ ሌሊቱን ሙሉ ይመላለስ ነበር። ፎቅ ወጥቼ ቦርሳዬን አቅፌ እተኛለሁ። መጨረሻው ላይ ሾፌሩ ሁሉንም ያስወርዳል። ብርዱ ላይ ቆሜ ቀጣዩን እጠብቃለሁ። አሁን ሥራው ላይ ሆኜ ሳየው፣ እንዲህ የምታድር ሴት ለእኛም በቀላሉ አትገኝም። የምንዞረው በረንዳ በረንዳውን ነው።

ወንድሜ ያገባው በዚያው ጥር ነው። ስልኩን ታስታውሺዋለሽ? «የጎረቤት ልጅ ከቤሩት ለእናቷ ቤት አሠራች። አንቺ ለንደን ተቀምጠሽ የወንድምሽ ሱፍ አቃተሽ?» አልሽኝ። «ቤት ተቸግሬያለሁ» አልኩሽ። «ውጭ ያለ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው» አልሽኝ። ተበድሬ ላክሁ። የሠርጉን ቪዲዮ አውቶቡሱ ላይ ሆኜ አየሁት። አምሮብሽ ነበር። ደጋግሜ ነው ያየሁሽ። እስከ ዛሬ ግን ያ ስልክ ትዝ ሲለኝ እንባዬ ይመጣል። «አላወቅኩም» ብትዪኝ እውነትሽን ነው። «መቼ ትልኪያለሽ» አልሽ እንጂ «የት ታድሪያለሽ» ግን አላልሽኝም።

ደግሞ ደግ ነሽ። በየወሩ በ12 ለነዳያን ዳቦ ሳትይዢ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ አታውቂም። ዳቦውን በእኔ እጅ ነበር የምታሰጪው። እጃቸውን ስሜ እንድሰጥ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ለዚያ አመሰግንሻለሁ።

ከገናው በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት የሌላቸው ሰዎች ቀን ቀን የሚረዱበት አንድ ማእከል ማገልገል ቀጠልኩ። ልብስ አጥባለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ አማርኛ ለሚናገሩት አስተረጉማለሁ። ቋሚ ቦታ ሲወጣ ኃላፊዋ «ተወዳደሪ» አለችኝ። ዲግሪ የለኝም አልኳት። ማስታወቂያውን አሳየችኝ፤ ችግሩን በራሱ ያየ ሰው እንዲያመለክት እናበረታታለን ይላል። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ አውቶቡሱ ነገርኳቸው። ለሦስት ፈረንጆች፣ ላንቺ ሳልነግር። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ደመወዙ ከድሮው ያንሳል። እስከ ፋሲካ የምልክልሽ ይቀንሳል። የመድኃኒትሽን ወንድሜ ይከፍላል፤ ነግሬዋለሁ፣ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም። ሰው ከጠየቀሽ «ቢሮ ነው የምትሠራው» አትበዪ። ጎዳና ከሚያድሩ ሰዎች ጋር ትሠራለች በዪ። የአውቶቡሱን ለማን እንደምትነግሪ አንቺ ታውቂያለሽ።

ማታ በ4 ሰዓት እወጣለሁ፣ ሲነጋጋ እመለሳለሁ። ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ይወርዳል ከተባለ ተጨማሪ መጠለያ ይከፈታል። የዚያን ሌሊት ስልክ ካላነሳሁ አትደንግጪ። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። ወንድሜ ስልኩን ይስጥሽና ይውጣ። ብቻችንን እናውራ።

ልጅሽ