ስብርባሪው የተጣለበት ቦታ

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «በሕይወት አለች ወይ?» ብለሽ እናቴን መጠየቅሽን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። በመሳቢያዬ ውስጥ «እህት ዓለም» ብለው የሚጀምሩ ሰባት ወረቀቶች አሉ፤ አንዳቸውም ሁለተኛ ገጽ አልደረሱም። አንቺ ዘንድ የደረሰው ግን የአራት ዓመት ዝምታ ብቻ ነው።

ያለሁት ሜክሲኮ ነው። ሥራዬ የጥንት ሰዎች የሠሩትን ሳይሆን ሲሠሩ የጣሉትን መቁጠር ሆኗል፦ የባልጩት ስብርባሪ፣ ያ ከእሳተ ገሞራ የሚገኘው መስታወት መሰል ድንጋይ። 100 ሺህ ገደማ ሕዝብ ይኖርባት በነበረችው በጥንታዊቷ ከተማ በቴኦቲዋካን፣ ጠራቢዎች ከፓቹካ ተራሮች ከሚመጣው አረንጓዴ ባልጩት ምላጭ ያወጡ ነበር። ምላጩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ ጓቲማላዋ ቲካል ደረሰ፤ ስብርባሪው እዚሁ ቀረ። አጀብ የሚያሰኘኝ አወጣጡ ነው። አይመቱትም፣ በኃይል ተጭነው ይልጡታል እንጂ። ዶን ክራብትሪ የተባለ አሜሪካዊ ቆሞ፣ በደረቱ በተደገፈው ምርኩዝ እየገፋ አወጣውና በ1968 ጽፎ አሳተመው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን የስፔን መነኮሳት ያዩት ሰው ግን መሬት ላይ ተቀምጦ ድንጋዩን በእግሮቹ አጥብቆ ይዞ ነበር። ምላጩ እንዴት እንደሚቆርጥ አትጠይቂኝ፤ ሁለት ጣቴን መቆረጤን ያወቅሁት ደሙን መዝገቡ ላይ ሳይ ነው።

በ1960ዎቹ በአርኪዮሎጂስቱ በሬኔ ሚሎን መሪነት የከተማይቱ ካርታ ሲነሳ ስብርባሪ የበዛበት ቦታ ሁሉ ወርክሾፕ፣ ማለትም የጠራቢዎች መሥሪያ ቤት፣ ተብሎ ይመዘገብ ጀመር። (ወርክሾፕ ስልሽ አበል የሚከፈልበትን ስብሰባ እንዳታስቢ!) ቁጥሩም በመቶዎች ሆነ። በ1986 ጆን ክላርክ የተባለ ሌላ አርኪዮሎጂስት ተነሥቶ ቁጥሩ ተጋኗል አለ፤ ክምሩ ያለበት ቦታ ሥራው የተሠራበት ላይሆን ይችላልና። ክርክሩ ረጅም ነው፣ በእርሱ አላደክምሽም። እኔ ግን ለክላርክ አደላለሁ። ልጆች የሚድሁበት ግቢ ውስጥ ማን እንዲህ ያለ ስለት በትኖ ይተዋል? ጠርጎ፣ አፍሶ፣ ራቅ አድርጎ ይደፋዋል። ስለዚህ የሠራተኛውን መቀመጫ የሚናገረው ትልቁ ክምር ሳይሆን መጥረጊያ ያመለጠው፣ ወለሉ ውስጥ የተቀበረው ደቃቅ ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ አፈር በወንፊት እየነፋሁ እርሱን እለቅማለሁ። ዓይኔ ጠፋ!

ታዲያ ሰሞኑን ስለ እኛው አገር አነብ ነበር። በደቡብ ቆዳ በባልጩት የሚያለፉት ሰዎች ስብርባሪውን በዕቃ ሰብስበው ለይተው ይጥሉት ነበር ይላል። በስድብ ቃል ስንጠራቸው የኖርናቸው ባለሙያዎች ዛሬ ለሜክሲኮ ጥያቄ መልስ ሲፈለግ ይጠቀሳሉ። እያነበብኩ አያትሽ መንደር ደረስኩ። ክረምቱን እዚያ ስናሳልፍ፣ ከእንሰቱ ጓሮ በታች «በባዶ እግራችሁ ወደዚያ እንዳትሄዱ» የተባልነው ቦታ ትዝ አለኝ። ጥቁር ነገር በፀሐይ ያብለጨልጭ አልነበረም? ወይስ አሁን ባልጩት ብቻ ስለማይ ነው? ቆዳ የሚያለፉት ሰዎች ቤት ከቦታው ምን ያህል ይርቅ ነበር? አክስትሽን ጠይቂልኝና ጻፊልኝ። ሰባቱንም ወረቀቶች ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

ያንቺው